በሰማንያዎቹ የተኩስ ፊልሞች ላይ በጅምላ አንፍረድ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ጸሐፊው በልጅነታቸው ቪዲዮ ቤት ያዩዋቸውን የ1980ዎቹን የወንጀልና የአክሽን ፊልሞች ከስንት ዘመን በኋላ መልሰው አዩና ቅር አላቸው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ቅሬታቸውንም አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ፊልሞቹ ታሪክ የላቸውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሬሳ ማስቆጠር ናቸው። አሠራራቸው ያስቃል፤ ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ጭካኔን እንደ ቀልድ ያቀርባሉ። ወንጀለኛን ጀግና አድርገው ወጣቱን አበላሽተዋል። ክፉው ሁሌ የውጭ ዜጋ ነው፤ ሴቷ ደግሞ ለመታገት ብቻ የተፈጠረች ናት። በመጨረሻም ልጆቻቸው እነዚህን ፊልሞች ዝር እንዳይሉባቸው ወስነዋል።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ላይ እኔም እስማማለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የማልስማማው በፍርዱ ስፋት ነው። ጸሐፊው የዘመኑን ደካማ ፊልሞች አዩና ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቀው ኮነኑ።

እኔ እነዚህን ፊልሞች እወዳለሁ። የምወዳቸው ተኩስ ስለበዛባቸው አይደለም። ጥሩዎቹ ላይ ጥይት ያማል። የተመታው ይቆስላል፣ የመታውም እንደ ድሮው አይሆንም። ደካማውን ከጠንካራው የምለየው በዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። «ሬሳ ማስቆጠር ናቸው» ሲሉ ዋናው ማስረጃቸው ራምቦ ነው። ግን የትኛው ራምቦ? የሚፈነዳውን ቀስትና የሶቪየቶቹን ሄሊኮፕተር ስለሚጠቅሱ ያዩት ሁለተኛውን፣ የ1985ቱን ነው ማለት ነው። በእሱ ላይ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን «ኮማንዶ»ንም ይጨምሩበት። አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ብቻውን አንድ ደሴት ሙሉ ወታደር ይፈጃል፤ አንድም ጊዜ ደከመኝ አይልም። ሰዎቹ እንደ በቆሎ እሸት ይረግፋሉ፤ ማናቸውም ስም የላቸውም። በነዚህ ማዘን ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ራምቦ፣ የ1982ቱ «ፈርስት ብለድ»፣ ግን ሌላ ፊልም ነው። አንድ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ሰው የጦር ጓደኛውን ፍለጋ በእግሩ ይመጣል። ጓደኛው በካንሰር መሞቱን ይነግሩታል፤ በጦርነቱ ጊዜ የተረጨው ኬሚካል ነው የበላው። ሰውየው አንዲት ትንሽ ከተማ ይገባል። የከተማዋ የፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ፣ ጸጉሩንና የወታደር ጃኬቱን አይቶ ወዲያው ይጠላዋል። በመኪና ጭኖ ከከተማው ያስወጣዋል። ተመልሶ ሲመጣ ያስረዋል። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አስገድደው ሊላጩት ምላጭ ሲያስጠጉበት በምርኮ የተሠቃየበት ቀን ፊቱ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጥሷቸው ወደ ጫካ ይሸሻል።

ጫካው ውስጥ ሁሉንም መግደል ይችላል። አይገድልም። አንዱን ካንዱ ለይቶ ያቆስላቸዋል፣ ሸሪፉን ጉሮሮው ላይ ቢላዋ ይዞ «ተወኝ» ይለዋል፣ ለቅቆት ይሄዳል። በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ሲሞት የምናየው ሰው አንድ ነው። ገደል ላይ የተንጠለጠለውን ራምቦን ካልገደልኩ ብሎ ከሄሊኮፕተር ላይ የሚተኩስ ፖሊስ ነው። ራምቦ ድንጋይ ይወረውራል፣ ሄሊኮፕተሩ ይናወጣል፣ ፖሊሱ ይወድቃል። ጸሐፊው ሬሳ ያስቆጥራል ያሉት ፊልም መነሻው ይህ ነው። ታሪኩ የተወሰደበት የዴቪድ ሞረል የ1972 ልብ ወለድ ላይ ራምቦ ብዙ ሰው ገድሎ በመጨረሻ ራሱም ይሞታል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ግድያውን ቀነሱ። የሚሞትበትን መጨረሻም ቀርጸው ነበር፤ ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስላልወደዱት ቀየሩት።

መጨረሻው ላይ ልቆይ፤ ጸሐፊው ይህንን ቢያዩት ኖሮ ጽሑፋቸው ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁና። ራምቦ ከተማዋን አተራምሶ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተከቧል። የቀድሞ አዛዡ ኮሎኔል ትራውትማን እጅህን ስጥ ሊለው ይገባል። ራምቦ ያን ጊዜ ይገነፍላል። ጦር ሜዳ ላይ የሚሊዮን ዶላር መሣሪያ አምነው ይሰጡት እንደነበር፣ አገሩ ሲገባ ግን መኪና የማቆም ሥራ እንኳ ማግኘት እንዳቃተው ይናገራል። ከዚያ ስለ አንድ ጓደኛው ይጀምራል። ሳይጎን ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጠው አንድ ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል። ልጠርግ ይላል። ራምቦ እምቢ ይላል፤ ልጁ ይለምናል፤ ጓደኛው እሺ ይላል። ራምቦ ቢራ ሊያመጣ ይነሣል። ሣጥኑ ውስጥ ፈንጂ ነበር። የጓደኛውን ሰውነት በእጁ ሊሰበስብ እንደሞከረ፣ ጓደኛውም ወደ ቤቴ ልመለስ እያለ ያለቅስ እንደነበር ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቃሉም አይሰማም። ያ ግዙፍ ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጦ የአዛዡን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ታሪክ የለውም የተባለው ይህ ነው። ግን ጸሐፊው ለምን እንደዚያ እንደተሰማቸው ይገባኛል። አብዛኞቻችን እነዚህን ፊልሞች ያየናቸው ያለ ሰብታይትል፣ ቋንቋውን በቅጡ ሳንሰማ፣ ከቅጂ ላይ በተቀዳ ካሴት ነው። ሰውየው አሥር ቃል ሲናገር አንድም አይገባንም። ንግግር ሲበዛ «አሳልፈው!» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር። ስለዚህ በአእምሯችን የቀረው ተኩሱ ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ተኩስ ፈልጎ የሚመለስ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ራምቦ ነው የሚያገኘው።

ይህ ነገር እኔን ሌላም ቦታ ያመኛል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ተበተነ። የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ ከተማ ውስጥ የሚለምኑ ነበሩ። በነዚያ ዓመታት ቪዲዮ ቤት ገብተን ራምቦን ስናይ የምናየው ከጦርነት ተመልሶ አገሩ የገፋውን ሰው ታሪክ ነበር፤ ስንወጣ ደግሞ ከጦርነት የተመለሰ ሰው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝልን ሰው አልነበረም። ፊልሙ ሊነግረን የፈለገውን ብንሰማ ኖሮ ያንን ሰው ትንሽ ለየት አድርገን እናየው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ አሠራራቸው ያስቃል የሚለው ነው። ምስሉ ደበዘዘ ካሉ እቀበላለሁ፤ የተበላሸ ቅጂ ነው። ደሙ ድልህ ይመስላል የሚለውንም በርካሾቹ ላይ እቀበላለሁ። በጥሩዎቹ ላይ ግን አልቀበልም።

የ1988ቱን «ዳይ ሀርድ» እንውሰድ። ጸሐፊው «አክተሩ የማይሞትበት ሌላ ተረት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። አዎ፣ የቪዲዮ ቤት ሕግ ነው፤ አክተሩ አይሞትም። ግን ብሩስ ዊሊስ የሚሠራው ፖሊስ ፊልሙን በሙሉ ባዶ እግሩን ነው። ምክንያቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተቀምጧል። አውሮፕላን ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከጉዞ ድካም ለመገላገል ጫማህን አውልቅና ምንጣፍ ላይ የእግር ጣቶችህን ጨብጥ ይለዋል። ሚስቱ የምትሠራበት ሕንፃ ደርሶ እንደተመከረው እያደረገ ሳለ ታጣቂዎቹ ይገባሉ። የመጀመሪያውን ሰው ከገደለ በኋላ ጫማውን ይለካል። ይጠበዋል። ቆይቶ የታጣቂዎቹ መሪ ሰውየው ባዶ እግሩን መሆኑን ያያል፣ መስታወቱን ተኩሱ ብሎ ያዛል። መሪውን የሚሠራው አላን ሪክማን ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ መሆኑን ማንም አይገምትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትዕይንት ይዩት። ሰውየው ደሙን ወለሉ ላይ እየጎተተ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ከእግሩ ሥር የመስታወት ስባሪ በጣቱ ይነቅላል። ፊቱ ላይ ጀግንነት የለም። በሬዲዮ መገናኛው ውጭ ካለው ፖሊስ ጋር ያወራል። ፖሊሱ በአንድ ወቅት መጫወቻ ሽጉጥ የያዘ የ13 ዓመት ልጅ በስህተት እንደገደለና ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ መሣሪያ መምዘዝ እንዳቃተው ይነግረዋል። ባዶ እግሩን ያለውም ሰው ካልተረፍኩ ለሚስቴ ይቅርታ ጠይቅልኝ ይለዋል፤ እወድሻለሁ ስል ብዙ ሰምታኛለች፣ ይቅርታ ስል ግን ሰምታኝ አታውቅም ይላል። የተኩስ ፊልም መሃል ሁለት ሰዎች ኑዛዜ ተቀመጡ ማለት ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጁን የገደለው ያ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ሰው ይገድላል፤ ሙዚቃውም እንደዳነ ሰው ያሞግሰዋል። ያንን ሁሉ ጸጸት በአንድ ጥይት መፈወስ አይቻልም። ጸሐፊው ይህንን ቢተቹ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

አሠራር ከተባለ ሆንግ ኮንግንም መርሳት የለብንም። በ1985ቱ «ፖሊስ ስቶሪ» ጃኪ ቻን የገበያ አዳራሽ ውስጥ ከላይ ፎቅ ዘሎ በመብራት የተጠመጠመ ረጅም ብረት ይዞ ወደ ታች ይንሸራተታል። መብራቱ እየፈነዳ፣ መስታወቱን ሰብሮ መሬት ይወርዳል። እጁ በመብራቶቹ ሙቀት ተቃጥሏል። ዝላዩን ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው ያሳዩናል፤ እውነት መሆኑን እንድናይ ነው። ይህንን የልጅ ጨዋታ ማለት ሰውየውን መበደል ነው።

የማይክል ማን የ1981 «ቲፍ» ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጄምስ ካን ካዝና ሰባሪ ሌባ ሆኖ ይሠራል፤ ቦታው ቺካጎ ነው። ዳይሬክተሩ እውነተኛ የቀድሞ ሌቦችን አማካሪ አድርጎ አምጥቷል፤ ካዝናውን የሚሰብሩበትም መሣሪያ እውነተኛ ነው። ትልቁ ዘረፋ ላይ ረጅም የሚነድ ብረት ይዘው የካዝናውን በር ያቀልጡታል። ፍንጣሪው ክፍሉን ይሞላዋል፤ የማስመሰያ ርችት አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ጭንብሉን ገፎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የፋብሪካ ፈረቃ እንደጨረሰ ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ደስታ የለም፤ ድካም ነው ያለው። ጸሐፊው «ተንቀራፈፉ» ካሏቸው ፊልሞች ይህ አንዱ ቢሆን አይገርመኝም። የሚንቀራፈፈው ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ «ሮቦኮፕ»ን ይመለከታል። ጸሐፊው የተቆጡበት ትዕይንት የስብሰባ አዳራሹ ነው። አንድ ኩባንያ ለዲትሮይት ከተማ ፖሊስ እንዲሆን የሠራውን ግዙፍ ሮቦት ለአለቆቹ ያሳያል። አንድ ወጣት ሠራተኛ ለሙከራ ሽጉጥ ይይዛል። ሮቦቱ መሣሪያህን ጣል ይለዋል። ልጁ ይጥላል። ሮቦቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ልጁን በጥይት ይበጣጥሰዋል። ጸሐፊው «በሰው ሞት ያስቁናል» ብለው ነው የተቆጡት።

ቀጥሎ ያለውን አልጻፉትም። የኩባንያው የበላይ አለቃ ሬሳው ፊት ለፊቱ ወድቆ ሳለ የሮቦቱን ኃላፊ በጣም አሳዘንከኝ ይለዋል። ያሳዘነው የልጁ ሞት ግን አይደለም። ፕሮጀክቱ ከዘገየ በወለድ ብቻ 50 ሚሊዮን ዶላር እናጣለን ነው የሚለው። ጭካኔው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥይቱ የበዛው ይህ ቃል እንዲያመን ነው። ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን ሕፃን ሳለ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ሄግ ከተማ፣ ቦምብ በሚወርድበት ሰፈር ነው ያደገው። በሰው ሞት ለመቀለድ የተነሣ ሰው አይመስለኝም። ሮቦት የሆነው ፖሊስ ድሮ ወደሚኖርበት ባዶ ቤት ገብቶ ሚስቱና ልጁ በየክፍሉ ትዝ ሲሉት ያየ ሰው ይህንን ይረዳል።

ወንጀለኛን ጀግና አድርገዋል የሚለው ከባዱ ክስ ነው። ማስረጃው የ1983ቱ «ስካርፌስ» ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቶኒ ሞንታና በ1980 ወደ 125 ሺህ ገደማ ኩባውያን በጀልባ ፍሎሪዳ ሲገቡ አብሮ የመጣ ሰው ነው። ሳህን አጥቦ፣ ኮኬይን ሸጦ፣ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ይገባል። የአል ፓቺኖ ፎቶ በስንት ወጣት ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ እናውቃለን። ፊልሙ ወርቁንና መኪናውን አስውቦ ነው የሚያሳየው፤ ለዚያ ተጠያቂ ነው።

ግን ታሪኩን እስከ ዳር እንከተለው። እናቱ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ከቤት ታባርረዋለች። የልብ ጓደኛውን በገዛ እጁ ይገድለዋል፤ ጓደኛው የቶኒን እህት በሥርዓቱ አግብቷት ነበር፣ ሊያስደንቁት ደብቀውት እንጂ። እህቱ ዓይኑ ሥር ትሞታለች። እሱ ራሱ የሚሞተው ደግሞ ብቸኛ በሆነ በጎ ሥራው ምክንያት ነው። ሊገደል የታቀደው ሰው መኪና ውስጥ ሴትና ሕፃናት ስላሉ ፈንጂውን እንዳይፈነዳ ይከለክላል፤ ኮኬይኑን የሚያቀርብለት ሰው ለዚህ ነው ገዳይ የሚልክበት። ስክሪፕቱን የጻፈው ኦሊቨር ስቶን በዚያን ጊዜ ራሱ ከኮኬይን ሱስ ጋር ይታገል ነበር፤ ከሱሱ ለመሸሽ ፓሪስ ሄዶ ነው የጻፈው።

የዚሁ ፊልም የመጋዝ ትዕይንትንም ላንሣ፤ ጸሐፊው «ሰው ሲቆረጥ ያሳዩናል» ብለዋል። አያሳዩንም። ካሜራው በመስኮት ወጥቶ ወደ ታች ወደ መንገድ ይወርዳል። ታች የቶኒ ጓደኛ መኪና ውስጥ ሆኖ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጫወታል፤ ፀሐይ ነው፣ ሙዚቃ ይሰማል። ተመልሰን ስንገባ ደም የቶኒ ፊት ላይ ሲረጭ ነው የምናየው። መጋዙ ሥጋ ሲነካ አይተናል የሚል ሰው አእምሮው ነው የጨመረበት። አስፈሪነቱም ከዚያ ነው የመጣው።

ወጣቱን ወንጀለኛ አደረጉት የሚለውስ? አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው መካከል በግድያ የሚሞተው በ1980 10.2 ነበር። በ1984 ወደ 7.9 ወርዷል፤ «ስካርፌስ» እና «ተርሚኔተር» በወጡበት ሰሞን ማለት ነው። በ1991 እንደገና 9.8 ደረሰ፤ በመካከሉ ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን ከተሞቹን አጥለቅልቆ፣ ሽጉጥም በየወጣቱ እጅ ገብቶ ነበር። በ2000 ወደ 5.5 ወረደ፤ ፊልሞቹ ግን ጨዋ አልሆኑም። ፊልም ምንም አያደርግም አልልም። ግን ክሱን ፊልሙ ላይ ብቻ መጫን ዕፁን፣ መሣሪያውንና ድህነቱን በነጻ ማሰናበት ነው።

ስለ ውጭ ዜጎችና ስለ ሴቶች ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ። ክፉው ሩሲያዊ፣ ጀርመናዊ ወይም ዓረብ ሆኖ መምጣቱ ያሰለቻል፤ ያሳፍራልም። የ1987ቱ «ሊታል ዌፐን» የሚጀምረው እርቃኗን ሊሆን ጥቂት የቀራት ወጣት ሴት ከፎቅ ስትወድቅ በማሳየት ነው፤ መከላከያ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ «ሁሌ» የሚለው ቃል ይውጣ። በ«ፈርስት ብለድ» ክፉው የከተማዋ ሸሪፍ ነው። በ«ሮቦኮፕ» የኩባንያ አለቃ ነው። በ«ሊታል ዌፐን» ራሱ ሄሮይን የሚያስገቡት ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ናቸው። የ«ተርሚኔተር»ዋን ሣራ ኮነርንና የ1986ቱ «ኤሊየንስ» ላይ ያለችውን ሪፕሊን ያየም ሴቷ ለመታገት ተፈጠረች አይልም። እንደነሱ ያሉት ጥቂት መሆናቸውን ግን አልክድም።

የቀረው የልጆቹ ጉዳይ ነው። «ስካርፌስ»ን ለአሥር ዓመት ልጅ ማሳየት ጥፋት ነው፤ «ሮቦኮፕ»ም እንዲሁ። አሜሪካኖቹም ሁለቱን ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ እንዳይገባባቸው ነው የመደቧቸው። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማንም ዕድሜያችንን አልጠየቀንም፤ ያ ትክክል አልነበረም። ለአደገ ልጅ ግን በጭራሽ ማለት አይጠቅምም። ስልኩ ላይ ከዚህ የባሰውን ብቻውን ያየዋል፤ ምንም የማያመው፣ ማንም የማይጸጸትበት ግድያ ነው የሚያየው። አብረውት ቢቀመጡ ይሻላል። የ1982ቱን ራምቦ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጋር አይቶ የሊስትሮው ሣጥን ታሪክ ላይ ሲደርሱ ስለ ወታደር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ አገር ማውራት ይቻላል። ለኛ አገር ልጅ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። «ፈርስት ብለድ»ን በሰብታይትል ይዩት፤ ቀጥለው «ቲፍ»ን ይዩ። ከዚያ በኋላም ቅሬታዎ ካልተነሣ እንደገና ይጻፉ፤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።